ቀለም ያልነካቸው አራት ሄልሜቶች

ብስክሌት ጠጋኟን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላት። አንድም የብስክሌት ፍሬን እንደ እሷ አጥብቆ የሚያስር እጅ በአካባቢው ስለሌለ ነው፤ አንድም ሰው ሁሉ «እንሂድ፣ እንሂድ!» ሲል እሷ ብቻ «ቆይ እስቲ» ስለምትል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሷ ግን የሱቋ በር ላይ በትልቁ አስጽፋዋለች፣ ያውም በታላቅ ወንድሟ እጅ።

«ቆይ እስቲ» ማለት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። ከከተማው በላይ ካለው የውሃ ጋን ሥር ተነስቶ፣ ሦስት ጊዜ ተጠማዞ፣ ታች መጋዘኖቹ ደጃፍ የሚደርስ የአስፋልት ቁልቁለት አለ። ያን ጊዜ ጉልበቷ ደህና ነበር፤ ጎህ ሲቀድ፣ የጭነት መኪኖቹ ሳይነሱ፣ ስኬትቦርዷ ላይ ቆማ ትለቀው ነበር። አንድ ቀን ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተላተመች። ጉልበቷ ውስጥ ብረት ገባ። ሄልሜቷ ለሁለት ተከፈለ፤ ጭንቅላቷ ግን ይኸው አንድ እንደሆነ አለ። የተከፈለውን ሄልሜት ከመሥሪያ ጠረጴዛዋ በላይ ሰቅላዋለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ያለ ደንበኛ ካለ ሥራዋን አቁማ ከሀ እስከ ፐ ትነግረዋለች፤ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይሄዳል።

እሷ ብትወድቅም ቁልቁለቱ ላይ ተደብቆ መውረዱ አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰ። ስለዚህ ፍሬን አንድ ነገር ወሰነች፦ መውረዳቸው ካልቀረ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ በደንብ ይውረዱ። ለዚህች አንዲት ሐሳብ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንገድ ቢሮውን ደጅ ጠናች። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታያት «ዛሬም መጣሽ?» ማለት ለምዳ ነበር። በመጨረሻ ኃላፊው አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፈቀደላት።

«አንድ ጭንቅላት ቢፈነከት ግን፣» አላት፣ «ይህን መንገድ ዳግመኛ በሕልማችሁም አታገኙት።»

«አንድም አይፈነከትም» አለችና ፈረመች።

ተወዳዳሪዎቹ ሃያ ነበሩ። ሱቋ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና እሷ ካርቶን ላይ የጻፈችውን ደንብ ታነብላቸው ጀመር። አገጭ ድረስ የሚሸፍን፣ ምንም ያልተሰነጠቀ ሄልሜት፤ እሱንም በገዛ እጇ ዳስሳ ካላለፈ አይሆንም። መዳፉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ የተሰፋበት ጓንት፤ ኩርባ ላይ የሚዞሩት እጃቸውን አስፋልቱ ላይ አሳርፈው ነውና። የጉልበትና የክርን መከላከያ። ከላይም ከታችም ቆዳ።

«እትዬ ፍሬን፣ በዚህ ሙቀት በቆዳ ተጠቅልለን ልንቀቀል ነው እንዴ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ከሴቶቹ በቦርድ የሚቀድማት የለም፤ በምላስ ደግሞ ከወንዶቹም የለም።

«ተቀቀዪ። የተቀቀለ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። አስፋልት የላጠውን ሰው ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ አንድ ወር በሆዱ ነው የሚተኛው።»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ ደንቡም አለፈ። ፍሬን ካርቶኑን ገለበጠች። «የመጨረሻው! እያንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ሄልሜቱ ላይ በቀለም ያስጽፋል። ኩርባ ላይ የሚቆሙት ታዛቢዎች ከሩቅ እንዲለዩት። ያላስጻፈ አይወርድም።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ ደረት ላይ ቢንጠለጠልም ይበቃ ነበር። ፍሬን ይህን አጥታው አይደለም። ግን ወንድሟ አለ። ወንድሟ ታፔላ በእጁ የሚጽፍ ሰው ነው፤ የከተማው ግማሽ ሱቅ በሩ ላይ ያለው የሱ ብሩሽ ነበር። የማተሚያ ማሽን መጥቶ ሰው ሁሉ ላስቲክ ላይ እያሳተመ መስቀል ከጀመረ ወዲህ ብሩሾቹ ደረቁ፤ እሱም አብሯቸው ደረቀ። አሁን ሃያ ሄልሜት ማለት ለሱ ሃያ ታፔላ ነው። ያቺን ደንብ የጻፈቻት ለታዛቢዎቹ ብላ ብቻ አልነበረም።

«እኔ አላስጽፍም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ዳቦ ነው። ዳቦ ያሉት በመኪና ዳቦ እየዞረ ስለሚያከፋፍል ነው፤ ያንን ቁልቁለት እንደሱ ፈጥኖ የወረደ ደግሞ የለም። «እስረኛ ነኝ እንዴ ቁጥር የሚጻፍብኝ?» አለ። «እኔን የማያውቅ ታዛቢ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።»

«እንግዲያው አትወርድም።»

«እናያለን።»

ሦስት ጓደኞቹም ከሱ ጋር አበሩ። ፍሬን አልለመነቻቸውም፤ ወደ በሩ አመለከተቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

ወንድሟ አራት ቀን ሙሉ ከሱቁ ጓሮ አልወጣም። አሥራ ስድስቱን ሄልሜት ገመድ ላይ እንደ ልብስ አስጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ወፍራም ቁጥር፣ ከቁጥሩ ኋላ ጥላ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር አወጣለት። ምሳ ልታቀብለው ስትሄድ እያፏጨ አገኘችው። ሲያፏጭ ከሰማችው ስንት ዓመቷ!

«እይው እስቲ ይሄን ዘጠኝ፣» አላት የፀጉር ሠሪዋን ሄልሜት ከፍ አድርጎ፤ «ማሽን እንዲህ ያለ ዘጠኝ ይወልዳል?»

«አይወልድም» አለችው፤ ከልቧ ነው። እሱም ደስ ብሎት ከቁጥሩ ግርጌ በጥቃቅኑ ፈረመ። ሥራው ላይ ከፈረመ ዓመታት አልፈው ነበር።

እሑድ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኩርባዎቹ በጭድ እስርና በጎማ ታጥረው ነበር። ነርሷ ከአምቡላንሷ አጠገብ ወንበሯን ዘርግታለች። የትራፊክ ሳጅኑ ታች መንገዱን በገመድ ዘጋው። ዳቦና ሦስቱ ጓደኞቹ ባዶ ነጫጭ ሄልሜታቸውን ታቅፈው ከች አሉ፤ ቁጥር የሚባል የለም። ፍሬን አራቱንም ከዝርዝሩ ሰረዘቻቸው። ዳቦ ፊቱን አጠቆረ፣ ግን አልሄደም። መኪናውን ውሃ ጋኑ ሥር አቁሞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ግንቡ ላይ ተቀምጦ የራሱን ዳቦ መግመጥ ጀመረ።

የቀረው የመጨረሻው ፍተሻ ነው። ሄልሜቶቹን ሳይቀቡ አንድ በአንድ አይታቸው ሁሉም አልፈዋል፤ አሁን ለደንቡ ያህል ነው። የመጀመሪያውን አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችና በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ደህና ሄልሜት ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። ይሄኛው ታፍኖ መለሰላት። ወደ ፀሐይ ስታዞረው ከቁጥሩ ጠርዝ የተነሱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየች።

ሁለተኛውን አነሳች፤ ያው ነው። ሦስተኛው የፀጉር ሠሪዋ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ይህን ሄልሜት ባለፈው ወር አብረው ሄደው ነው የገዙት፤ ከካርቶኑ ሲወጣ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ ስታሳርፍ «ቀጭ» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከመቀባትህ በፊት ምን አደረግክበት?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው ነዋ! በቲነር አሸሁት። ቀለሙ ነክሶ እንዲይዝ በደንብ ነው ያሸሁት። ምነው፣ ለቀቀ እንዴ?»

«ቀለሙስ ይዟል።» ሄልሜቱን ሰጠችው። «ቆርቆሮ እኮ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ፕላስቲክ ነው። ቲነሩ በላው።»

ወንድሟ ዘጠኟን አገላብጦ አያት። አርባ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ በቲነር ሲያሽ ኖሯል፤ እጁ ሌላ አያውቅም። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ፍሬን ደግሞ በራሷ ተናደደች፣ ያውም እንዴት አድርጋ! ሱቋ ውስጥ ቲነር ከፕላስቲክ ዕቃ አጠገብ የማታስደርሰው እሷ ናት። ግን ወንድሟ ሲያፏጭ ስትሰማ ጊዜ በምን እንደሚያሽ መጠየቁን ረሳችው።

አሥራ ስድስቱንም አንኳኳች። አንድም ያለፈ የለም። እሑድ ነው፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሰዓቱ አንድ ተኩል ብሏል። ዛሬ ካልተወረደ ደግሞ ያ ኃላፊ ሌላ እሑድ እንደማይሰጣት ታውቃለች።

ፀጉር ሠሪዋ ተጠጋቻትና ጆሮዋ ሥር ሹክ አለቻት። «ቀለሙ ሸፍኖታል እኮ። ሳጅኑ በምን ያውቃል? እኛ እንደሆንን አንናገርም። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተሽ፣ እትዬ፣ በዚች?»

ፍሬን መንገዱን አየችው። ባዶ፣ ንጹሕ፣ ለዛሬ ብቻ የሷ። ልቧ አልከጀለም ብንል እንዋሻለን፤ ከጅሏል፣ ያውም በጣም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት በያቸው» አለ ወንድሟ። «ስሜን ጥሪና ገላግይኝ። አንቺ ምን በወጣሽ!»

ይህን ስትሰማ ነው የነቃችው። የጭድ እስር ላይ ወጣችና እጇን አጨበጨበች።

«ስሙኝ! አሥራ ስድስቱም ሄልሜት ተበላሽቷል። ያበላሸው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ እተካላችኋለሁ። በነዚህ ግን ነፍስ ያለው ሰው አይወርድም!»

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። አንዱ «ታዲያ በምን እንውረድ?» ይላል፣ ሌላው ጓንቱን መሬት ላይ ይወረውራል። ፍሬን ከጭዱ ወርዳ፣ ብረት ያለበት እግሯን እየጎተተች ቀጥ ብላ ወደ ግንቡ ሄደች። ግንቡ ላይ ቀለም ያልነካቸው አራት ነጫጭ ሄልሜቶች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አንኳኳቻቸው፤ አራቱም ጥርት ያለ ድምፅ መለሱላት።

ዳቦ መግመጡን አላቆመም። «ሰማሁሽ» አለ። «በደንብ ነው የሰማሁሽ። ግን አንዴ ብትደግሚው ደስ ይለኛል።»

«ተሳስቻለሁ። አንተ ልክ ነበርክ፤ ለምን ልክ እንደሆንክ ባታውቀውም።»

ዳቦ ዳቦው ትን እስኪለው ሳቀ። «እሱስ እውነት ነው፣ እኔማ ጥጋቤ ነው።»

«አራቱን ሄልሜት አበድሩን። አራት አራት እየሆንን እንወርዳለን፤ ሄልሜቶቹን ከታች ወደ ላይ ያንተ መኪና ይመልሳቸዋል። ስማችሁን ደግሞ አሁኑኑ መልሼ እጽፋለሁ።»

«ያለ ቁጥር?»

«ያለ ቁጥር።»

«አይሆንም!» አለ ዳቦ። ሁሉም ክው አለ። ዳቦ ከግንቡ ዘሎ ወረደ፣ ከመኪናው የዳቦ ወረቀት ከረጢት ክምር አወጣና ወደ ወንድሟ ሄደ። «ታዛቢ በምን ይለየናል? ቁጥርስ ያስፈልጋል፤ ደረት ላይ ይሁን። ጋሼ፣ ይሄ መቼም በቲነር አይታሽም። ለኔ አንድ ቁጥርን ይጻፉልኝ፤ ጥላውን እንዳይረሱብኝ!»

ወንድሟ የመጀመሪያውን ከረጢት ቁጥር አጣመመው። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ቀና።

ፍሬን ሜትር አውጥታ የሰዉን ሁሉ ራስ ለካች። ራስ ላይ የሚሽከረከር ሄልሜት ከባዶ ራስ አይሻልምና በየልካቸው ደለደለቻቸው። ለሁለት ሰዎች የሚሆን ጠፋ፤ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ መጨረሻ ላይ ባንዲራ ተሰጥቷቸው ኩርባ ላይ ቆሙ። የዳቦ ሄልሜት ከሁሉም ሰፊ ነው፤ ልኩ ከሚገጥማቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች።

«የኔ ራስ የሱን ያክላል? ኧረ ውርደት!» አለች።

«ክብር ነው እንጂ» አላት ዳቦ። እሱ የመጨረሻውን ዙር መረጠ፤ ከኋላ ሆኖ የሁሉንም ሰዓት አይቶ ሊበልጣቸው ነው እንጂ ለትሕትና አይደለም።

መውረዱ ተጀመረ። አራቱ ተወዳዳሪዎች ጎንበስ ብለው ይለቁታል፣ ጎማቸው ይጮኻል፣ ጓንታቸው አስፋልቱን ይፍቃል፤ ታች ሲደርሱ ሄልሜቶቹ ዳቦ ማመላለሻው ሳጥን ውስጥ ገብተው ሽቅብ ይመለሳሉ። «ሄልሜቱ ዳቦ ዳቦ ይላል፣ ራበኝ እኮ!» የሚል ሁሉ ነበር። ፍሬን የቆመችው ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትቆም ልቧ አያርፍላትም ነበር።

በሦስተኛው ዙር ፀጉር ሠሪዋ ሦስቱን ከኋላዋ አስከትላ መጣች። ኩርባውን ስትገባ ቦርዷ ከሥሯ ሾለከ። በቆዳው ሱሪ ተንሸራተተች፣ ጭዱን ሳታገኘው አለፈች፣ ራሷ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር «ጓ!» አለ። ፍሬን ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ብረት ያለበትን ጉልበቷን ረስታ ሮጠች።

ፀጉር ሠሪዋ ተነስታ ተቀመጠች። «ቦርዴ የታለ?» አለች።

ነርሷ ዓይኗን አየች፣ አንገቷን አየች፣ ስንት ጣት እንደሆነ ጠየቀቻት። ምንም አልሆነችም። ፍሬን ሄልሜቱን ተቀብላ አየችው፤ ጎኑ ላይ አንድ ጭረትና አውራ ጣት የሚያክል የሰረጎደ ቦታ አለ። ዳቦ መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«ጭረት ናት» አለ።

«ጭረት ናት። ግን ተመትቷል። የተመታ ሄልሜት ሁለተኛ አይደረግም።»

«የኔ ነው እኮ።»

«ያንተ ነው።»

«የቀሩት ሦስቱ ራሴ ላይ አይገቡም።»

«አውቃለሁ።»

ዳቦ ደረቱ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ አንድ ቁጥር፣ ከነጥላው። ፍሬን አንጀቷን በላት፤ ውድድሩን ያዳነላት ሰው ነው፣ ሌላው ሁሉ ወርዶ እሱ ሊቀር ነው። ይሄን ጊዜ ፈቅዳለት ቢሆን የሚወቅሳት አልነበረም። ግን ሄልሜቱን ብብቷ ሥር አደረገችው።

«አንቺ ሴትዮ፣» አለ ዳቦ በመጨረሻ፣ «በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሰረዝሽኝ።» ሦስቱን ሄልሜት ሳጥኑ ውስጥ አደረገና ሞተሩን አስነሳ። «በሉ ፈጠን በሉ፣ ሰዓቱ ሄደ!» እያለ ሽቅብ ነዳው።

የቀሩት አምስቱ በሦስቱ ሄልሜቶች፣ በሁለት ዙር ወረዱ። ከዳቦ ጓደኞች አንዱ፣ ዝምተኛው፣ አንደኛ ወጣ። ሳጅኑ ልክ አምስት ሰዓት ላይ ገመዱን ፈታ። የተፈነከተ አልነበረም።

ፍሬን ጎማዎቹን ልታነሳ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ወንድሟን አገኘችው። ዘጠኝ ቁጥሩን ሄልሜት ይዟል። ፀጉር ሠሪዋም ቦርዷን ብብቷ ሥር አድርጋ ከአጠገቡ ቆማለች። ወንድሟ ሄልሜቱን በአገጩ በኩል ያዘና ያንኑ የጠርዝ ድንጋይ መታበት፤ በኃይልም አልነበረም። ዘጠኟ ከመሃሏ ለሁለት ሄደች። ግማሹ አስፋልቱ ላይ እየተንከባለለ ፀጉር ሠሪዋ እግር ሥር ቆመ። ያቺ ምላሳም ልጅ ራሷን በእጇ ዳሰሰች።

ወንድሟ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ወንድም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፍሬን እንደ ልብ የማይታጠፈውን እግሯን ወደ መንገዱ ዘርግታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እያፏጨሁ እኮ ነው የቀባኋት» አለ።

«አውቃለሁ፤ ሰምቼሃለሁ። ከእንግዲህ ቆርቆሮ ላይ ታፏጫለህ።»

በሳምንቱ አንድ ቆርቆሮ ተሸክሞ ሱቋ መጣ። በቲነር ታሽቶ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ደንቡ ሁሉ ተጽፎበታል። ከላይ በትልቁ፣ ከነጥላው፣ «ሄልሜት ላይ ቀለም አይቀባም» ይላል። ቀጥሎ «የተመታ ሄልሜት ዳግመኛ አይደረግም»። ዳቦም ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ስለነበር፣ ከተከፈለው አሮጌ ሄልሜት ጎን ሚስማር መታላቸው። «እዚች ሁለተኛዋ ላይ የኔ ስም ጎድሏል» እያለ።

ፍሬን ቀረብ ብላ ግርጌውን አነበበች። ወንድሟ በሚፈርምበት ቦታ ላይ ዛሬ የጻፈው ሌላ ነው፦ «ያበላሸሁት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ»።

ቀጭኑን ብሩሽ ከእጁ ወሰደች። በብሩሽ መጻፍ አትችልም፤ ፊደሎቿ ከብስክሌት የወደቁ ይመስላሉ። ከሱ መስመር ሥር፣ ምላሷን ነክሳ፣ «ያዘዝኩት እኔ» ብላ ጻፈች።

ወንድሟ መነጽሩን አድርጎ አየው። «ሥራዬን አበላሸሽብኝ» አለ።

«ይቆይ።»

ብሩሹን ተቀበላትና ጓሮ ወጥቶ ማጠብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ተሰማ።